ሰሌዳው ያለበት ክፍል

ትንሿ የመጀመሪያውን ፎቶ የላከችልኝ መጋዘን ውስጥ የጠዋት ብሬክ ላይ ሳለሁ ነው። ምግብ ማሞቂያው ጋ ተሰልፌ ስልኬን ስከፍት ጥቁር ሰሌዳ መጣ። ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ በተጻፈ የኬሚስትሪ ስሌት ተሞልቷል። ከሥሩ የተጠቀለለ ፍራሽና ቢጫ ጀሪካን አለ፤ በመስኮቱ ብረት ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። «ልክ ነው?» ትላለች በአረብኛ።

ልክ አልነበረም። ከሰልፈሪክ አሲድ የሚወጣውን ሃይድሮጂን አንድ አድርጋ ቆጥራዋለች፤ ሁለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራ ስህተት ነበር። ምሳዬን ሳላሞቅ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣሁና በድምፅ መልስ ላክሁላት። «ሁለቷን አትርሺ። ሌላው ሁሉ የተበላሸው በእሷ ነው።»

ትንሿ የምላት እቤታቸው ሁሉም እንደዚያ ስለሚሏት ነው። የምትኖረው ገዳሪፍ ነበር፤ ጦርነቱ ያልገባበት የምሥራቅ ሱዳን ከተማ። ከካርቱም ሸሽተው ሲደርሱ ማረፊያ የተሰጣቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በአንድ መማሪያ ክፍል አራት ቤተሰብ በአንሶላ ተከፋፍሎ ይኖራል። የፊተኛው ጥግ የእነሱ ስለሆነ ሰሌዳው በእነሱ በኩል ቀረ። «ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የምተኛው፣ ትምህርት ግን የለም» ስትለኝ እየሳቀች ነበር። ደብተርም መጽሐፍም የላትም። ስለዚህ እኔ በድምፅ እልካለሁ፣ እሷ ደጋግማ ትሰማለች፣ ሰሌዳው ላይ ትሠራለች፣ ፎቶ አንስታ ትልካለች። አንድም ቀን ሳታጠፋው አላደረችም፤ ጎረቤቶቹ ነጩ ብናኝ ምግባቸው ላይ ይወርዳል ብለው ይነጫነጩ ነበር።

እኔም የተወለድኩት ካርቱም ነው። እማዬ በወጣትነቷ በመተማ ተሻግራ፣ በዚያው በገዳሪፍ በኩል አልፋ ካርቱም ገባችና መንገድ ዳር ሻይ እየሸጠች ኖረች። የተከራየነው ክፍል የአንዲት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ግቢ ውስጥ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ኡስታዛ ይላታል፤ መምህርት ማለት ነው። የትንሿ እናት ናት።

እማዬ ገና እያጠባችኝ ሳለ ከሻ ያዛት። ከሻ የሚሉት ፖሊስ ድንገት መጥቶ መንገድ ላይ የሚሸጡትን፣ ፈቃድ የሌላቸውን፣ አለባበሳቸው ያላማረውን ሴቶች በፒክአፕ እየጫነ የሚሄድበትን ነው። ማንቆርቆሪያዋንም ከሰሏንም አብረው ጫኑት። እስክትፈታ ድረስ ኡስታዛ ከራሷ ወንድ ልጅ ጋር እኔንም አጠባችኝ። በእነሱም በእኛም ወግ አንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው። ትንሿ ከብዙ ዓመት በኋላ ስትመጣ እህቴ ሆና ነው የተወለደችው።

ለትምህርት ስደርስ እማዬ ወረቀት ስላልነበራት ፈራች። ኡስታዛ ግን የራሷን ሻሽ አሳጥራ በራሴ ላይ አሰረችና እጄን ይዛ የሴቶች ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ፊት አቆመችኝ።

«ይቺ ሐበሻ አይደለችም እንዴ?» አለች ዳይሬክተሯ።

«ልጄ ናት።»

«ኡስታዛ፣ አላህን ፍሪ። ፊቷን እኮ አያለሁ።»

«ፊቷን ተዪው። ጡቴን ጠብታለች። ልጅሽ አይደለችም የሚል ሸኽ ካለሽ አምጪው፣ እዚሁ እንከራከር።»

ዳይሬክተሯ ሳቀችና መዘገበችኝ። በማግስቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ የአገሪቱ መዝሙር ሲዘመር ከኡስታዛ ያጠናሁትን ጮክ ብዬ ዘመርኩ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ በክርኗ ጎሸመችኝና «አንቺ ምን አገባሽ?» አለችኝ። ማታ ለኡስታዛ ስነግራት «ዘምሪ። ሲያድጉ ይረሱታል» አለችኝ። አልረሱትም። እኔም ከዚያ ወዲህ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረስኩ። ጮክ ብዬ የተናገርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ማትሪክ አለፍኩ፤ ሱዳኖቹ ሸሃዳ ይሉታል። ኬሚስትሪ ተማርኩ፣ ተመረቅሁ። ያን ቀን ኡስታዛ ከእማዬ የበለጠ አለቀሰች።

ወደ አሜሪካ የመጣነው በስደተኛ ፕሮግራም ነው፤ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው። ዩኒቨርሲቲዬ ተዘርፎ ሲዘጋ ትራንስክሪፕቴን የሚልክልኝ ሰው ጠፋ፤ ስለዚህ መጋዘን ገባሁ። ግሪን ካርዴ ላይ የትውልድ አገር ሱዳን ይላል። ካርቱም ውስጥ ሐበሻዋ ነበርኩ፤ ኮሎምበስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ደግሞ ሱዳኗ ተባልኩ። ኢትዮጵያን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ሰዎቹ በክፋት አልነበረም የሚሉኝ፤ ቢሆንም ጥሪውን በሰማሁ ቁጥር ያ ክርን ጎኔን ይነካኛል።

ኡስታዛ የሞተችው በጦርነቱ የመጀመሪያ ወራት ነው። ስኳር ነበረባት፣ መድኃኒቱ ከሰፈሩ ጠፋ። ጡት የተጋራሁት ልጇ ቀደም ብሎ ወደ ሊቢያ ወጥቶ የደረሰበት አልታወቀም። ትንሿ ከአባቷ ወንድም ጋር ቀረች። ኡስታዛ ከመሞቷ በፊት የአጎትየውን እጅ ይዛ አስምላዋለች፦ «ሸሃዳዋን ሳትይዝ፣ ያለ ወገኖቼ እሺታ እንዳትድራት» ብላ። ወገኖቼ የምትላቸው ማን እንደሆኑ ያኔ አላሰብኩትም።

የሸሃዳው ፈተና ጦርነት በሌለባቸው ከተሞች ይሰጣል የተባለ ጊዜ ትንሿ ስልክ ደወለች። «ኡስታዛ» አለችኝ። እናቷን የጠራች መስሎኝ ደነገጥኩ። «አንቺን እኮ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ኡስታዛ አንቺ ነሽ። ኬሚስትሪውን ታሳልፊኛለሽ፣ ሌላውን ለራሴ ተዪልኝ።»

እንደዚያ ጀመርን። የእኔ የጠዋት ብሬክ በእነሱ አመሻሽ ነው፤ ጀነሬተር ያለው ሰው የሳተላይት ኢንተርኔት በሚሸጥበት ሱቅ ደጅ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። እኔ መኪና ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ዘግቼ ስለ አሲድና ቤዝ አወራለሁ። አብራኝ የምትሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ሁልጊዜ ስታየኝ ከረመችና አንድ ቀን መስኮቱን አንኳኳች።

«አንቺ፣ ማንን ነው በየቀኑ ኮል የምታደርጊው? ቦይፍሬንድ ነው አይደል?»

«ተማሪዬ ናት።»

«ውሸታም! ለተማሪ እንደዚህ ይሳቃል?»

እየሳቅሁ እንደነበር አላወቅሁም።

ሰው ሁሉ ግን እንደ እሷ አልቀለደም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እማዬ ለአንዲት እትዬ ስለ ትንሿ ነገረቻቸው። «የራሳችን አገር ሴቶች ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው የለም እንዴ? ለሱዳን ልጅ ይሄን ያህል?» አሉ። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «እትዬ፣ እኔ ታስሬ ይቺን ልጅ ያጠባት የሱዳን ጡት ነው። አገሩን ጠይቃ አላጠባቻትም» አለች።

ፈተናው ሲቃረብ አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም። «አጎቴ ሰው መጥቷል አለኝ። የጭነት መኪና አለው። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ሁለት ልጆች አሉት። ምዕራፍ ስምንትን ዛሬ አልሠራሁም።»

አጎትየውን ክፉ ሰው አድርጌ ላቀርበው አልችልም። የእሱና የሞተ ወንድሙ ልጆች በአንድ ጥግ ተኝተዋል። መሣሪያ የያዙ ወንዶች ግቢው ውስጥ ይገባሉ ይወጣሉ። ከዚያው መጠለያ አንዲት ልጅ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ የሆነችውን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አይናገረውም። ባል ያላት ሴት ሰው የሚጠይቅላት ናት ብሎ አሰበ። ትንሿ ግን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለዚያ ፈተና መቀመጥ። ማለፍና መውደቁ ራሱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

«ሽማግሌ እንልካለን» አለች እማዬ።

«ከዚህ ከብሌንደን ታውንሺፕ ገዳሪፍ?»

«በስልክ ነዋ! ጋሼን እጠራለሁ።»

ጋሼ የምንላቸው መጀመሪያ ሊንደን ሰፈር ስንከራይ የቤቱ ባለቤት የነበሩ ሰው ናቸው። በስደት ዘመናቸው ከገዳሪፍ ፖርት ሱዳን የጭነት መኪና ነድተዋል፤ አረብኛቸው የሾፌር አረብኛ ነው፣ ግማሹ ስድብ። እዚህ ደግሞ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ዘመድ ከዘመድ ሲኳረፍ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ያስታረቁትን ሰው ብዛት ራሳቸውም አያውቁትም። እሁድ እለት ኮታቸውን ለብሰው መጡና ሳሎናችን ውስጥ ስልኩን የሻይ ጠረጴዛው ላይ አቆሙት።

«የትኛው መንደር አጠገብ ነው የሰፈራችሁት፣ ያ ሐጅ? እዚያ ጋ እኮ ሁለት ጎማ ፈንድቶብኛል!» አሉ። አጎትየው ሳቀ። ሰላምታው ብቻ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ጤና፣ ልጆች፣ ዝናብ፣ የሞቱት። ከዚያ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኛ በእናቷ በኩል ነን። ይቺ አጠገቤ ያለችው የጡት እህቷ ናት። ልመና ይዘን ነው የመጣን።»

«አውቃለሁ» አለ አጎትየው። «ሟች፣ አላህ ይማራት፣ ያለ እናንተ እሺታ እንዳልድራት አስምላኛለች። ሰውየውን እስካሁን ያቆየሁት ለዚህ ነው። ግን እኔስ እስከ መቼ እጠብቃታለሁ? ማታ በር የለኝም፤ ያለኝ አንሶላ ነው።»

«ገባኝ ወንድሜ፣ ገባኝ። የእኛ ልመና ቀላል ናት። ልጅቱ ለፈተናዋ ትቀመጥ። ከፈተናው በኋላ የፈቀዳችሁትን አድርጉ።»

«ከፈተናው በኋላ ከሆነ እሺ ትላላችሁ?»

«እሺ እንላለን።»

«እህትየዋስ?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «በይ አንቺ ሱዳኒት፣ ተናገሪ» አሉኝ። አንድ ነገር እንዳልተስተካከለ ተሰምቶኝ ቃሉን ስፈልግ ቆየሁ። እሳቸው አልጠበቁኝም። «ዓይነ አፋር ናት፣ ያ ሐጅ። ዝም ካለች እሺ ብላለች።»

«እውነትህን ነው። የልጃገረድ ዝምታ እሺታዋ ነው» አለ አጎትየው፤ ድምፁ ቀለል አለው። «እንግዲያው ፋቲሓ እንቅራ።»

እሱ የቁርዓኑን መክፈቻ ምዕራፍ መቅራት ጀመረ። ጋሼ መስቀላቸው ከሸሚዛቸው ወጥቶ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ የእኛም ሽማግሌ ሲያበቃ ይመርቃልና የሰውየውን ምርቃት መቀበላቸው ነበር። እማዬም ዘረጋች። እኔም ዘረጋሁ። ካርቱም ውስጥ ፋቲሓ ለሙት ይቀራል፣ ለመንገደኛ ይቀራል፣ ለታረቀ ጎረቤት ይቀራል። ለእጮኛም ይቀራል፤ የልጅቱ ወገን እሺ ሲል ወንዶቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ቃሉን የሚያስሩት በእሱ ነው። ያን ቀን የትኛው እንደተቀራ አልጠየቅንም። ሁላችንም «አሚን» አልን።

«ሽምግልና ማለት ይሄ ነው!» አሉ ጋሼ ስልኩ ሲዘጋ። «ማንም ባዶ እጁን አይነሳም።» እማዬ እልልታዋን ለጎረቤት ብላ በመዳፏ አፈነችው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ትንሿ ምዕራፍ ስምንትን ጨረሰች። አሁንም ሁለቷን ትረሳ ነበር፣ እኔም እቆጣ ነበር። ከዚያ ለቀናት ምንም አልመጣም። ኔትዎርክ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ፎቶው እንደገና በጠዋት ብሬክ መጣ። ሰሌዳው ላይ ያለው ሥራ አጭር ነው፣ በችኮላ የተጻፈ። ግራ እጇ የሰሌዳውን ጠርዝ ይዟል። ጣቶቿ እስከ መካከለኛው አንጓ በጥቁር ሒና ተነክረዋል፤ ከእጇ ጀርባ እስከ አንጓዋ አበባና ቅጠል ተስሏል።

እዚያ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያነበዋል። ጥቁር ሒና በእጅና በእግር የሙሽራ ነው፤ ከሙሽርነት በኋላ የሚስት ነው። ልጃገረድ እንደዚያ አትሣልም። ልጅ ሳለሁ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ከጎረቤት ሙሽራ ሣህን ጣታችንን ስንነክር ኡስታዛ እጃችንን በማማሰያ መትታን ታውቃለች። ፎቶውን ትልቅ አድርጌ ሳየው ሱፐርቫይዘሬ ብሬክ አልቋል ብሎ ጠራኝ። እስከ ሹፍቱ መጨረሻ ዕቃ ስካን ሳደርግ ዋልኩ፤ የትኛው ዕቃ እንደነበር አላውቅም።

እቤት እንደደረስኩ ለአጎትየው ደወልኩ። ሽማግሌ አልጠራሁም።

«ከፈተናው በኋላ ተባብለን ነበር» አልኩት።

ከልቡ ተገረመ። «ልጄ፣ ከፈተናው በኋላ ያላችሁት ሰርጉን ነው። ቃሉ እኮ በዚያው ቀን ተሰጠ፤ ፋቲሓ አብረን ቀራን፣ ሽማግሌያችሁ አሚን አለ። ቃል ከታሰረ በኋላ ኒካሑን፣ የጋብቻ ውሉን፣ ምን ያስጠብቀዋል? መንገዱ ደግሞ ሊዘጋ ነው እየተባለ ነው። ሰውየው ወደ መንደሩ ይዟት ይሄዳል።»

«ፈተናውስ?»

«እሱ አሁን የባሏ ነው። ደግ ሰው ነው፣ አትስጊ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «መሐላዬን አላፈረስኩም። እናንተን ጠይቄያለሁ» አለ።

ጋሼ ሲሰሙ ከሥራ በቀጥታ መጡ። ኮታቸውን አልለበሱም። «ምርቃት መስሎኝ እኮ ነው» ይላሉ ደጋግመው። «ዕድሜ ልኬን ስታረቅ ሳስታርቅ… ምርቃት መስሎኝ ነው።»

«ይተዉት ጋሼ» አለች እማዬ፤ ወጥ እያማሰለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «እዚህ ቤት አሚን ያላለ ማን አለ?»

ትምህርቱን መላኬን አላቆምኩም። ምዕራፍ ዘጠኝን ቀረጽኩ፤ ስጀምር «ለባለቤትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ» አልኩ፣ ቢሰማ እንዳይከፋው። መልሱ የመጣው በወንድ ድምፅ ነው፤ የደከመና ትሑት ድምፅ። «እህቴ፣ የላክሽውን ሁሉ ሰማሁት። ክፉ ነገር የለበትም። ነገር ግን ልጆቹ ትንንሽ ናቸው፣ ቤቱም ሥራ አለው። አላህ ይስጥልን።» ከዚያ በኋላ የላክኋቸው አልተከፈቱም።

ፈተናው ሲደርስ መስኮቱ ላይ የሕፃን ልብስ ታሰጣ የነበረችውን ጎረቤቷን በስልክ ጠየቅኋት። ትምህርት ቤቱ መፈተኛ ጣቢያ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ስለዚህ ተፈናቃዮቹን ከክፍሎቹ አውጥተው ከግቢው ጀርባ ሸራ ወጠሩላቸው። ወለሉ ታጠበ፣ ዴስክ ገባ። «ሰሌዳውስ?» አልኳት። «እኔ ራሴ ነኝ በእርጥብ ጨርቅ የጠረግሁት» አለችኝ። «ያንቺ ልጅ ብናኝ እስከ ጣሪያ ደርሶ ነበር።» ትንሿ ያን ጊዜ በባለመኪናው መንደር ሁለቱን ልጆቹን ታጥባለች። ትተኛበት በነበረው ጥግ ሌላ ልጅ ተቀምጣ ተፈተነች።

የመጨረሻ ድምፅዋ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ከየት ስልክ እንደሆነ አላውቅም፣ ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል። ሰላምታ አልነበረውም። የተፈተነች ጓደኛዋ አንዱን ጥያቄ በቃሏ ነግራታለች፤ ሰልፈሪክ አሲድን ለማርከስ ምን ያህል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያስፈልጋል የሚል። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጠራች። ከዚያ ስሌቱን በቃሏ እየሠራች ሄደች፤ እንደ ሰሌዳው ረድፍ በረድፍ፣ ቸኩላ፣ አንዴ ቆማ የሚያለቅስ ልጅ ዝም አሰኝታ። መልሷን ተናገረች። «ሁለቷን አልረሳሁም» አለች። እዚያ ላይ ተቆረጠ።

መኪና ውስጥ ሆኜ ስሌቱን በወረቀት ሠራሁት። ልክ ነው። ልክ ነው ብዬ ላክሁላት። በመልእክቱ ጎን አንዲት ግራጫ ምልክት አለች፤ መድረሱን የምታሳየው ሁለተኛዋ እስከ ዛሬ አልመጣችም።